ከሙዚየም የማይወጣው ከበሮ

ዋዜማ፣ ጎሕ ሲቀድ
በደርግ ዘመን፣ ከአገሬ ከደብረ ታቦር ርቄ ናዝሬት በማስተምርበት ጊዜ ነው። ኅዳር ጽዮንን ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላከብር፣ በዚያውም አዲስ የተከፈተውን የታሪክ ሙዚየሟን ልጎበኝ ተነሣሁ። አውቶቡሱ ሞጆን አልፎ በአቧራ ይነጉዳል።

መቂ
ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሁለት ፓፓያ በስሙኒ። ኬላው ላይ ፈታሹ ዘንቢሌን በረበረ።
«እህቴ፣ ይሄ ጧፍ ለምንድን ነው?»
«መብራት ሲጠፋ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ መብራቱ መች በርቶ ያውቅና!

ዝዋይ፣ ረፋዱ
የጋሪ ፈረሶች፣ የሚጠበስ ዓሣ። ጾም ነውና አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ባለታንኳው ደበበ ሳቀብኝ፤ «እትዬ፣ ማሽተት እኮ አያስገድፍም!»

ደሴቲቱ፣ ከሰዓት በኋላ
ሙዚየሙ የድሮ እህል መጋዘን ነው። ከከተማ የተመደበው ካድሬ፣ ጓድ ተስፋዬ፣ በየዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፏል፤ እኔንም «መምህርት፣ ከናዝሬት» ብሎ የጎብኚ መዝገቡ ላይ አሰፈረኝ። የድንጋይ ወፍጮው «የጭቁን ሴቶች ጥንታዊ መሣሪያ» ነው። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት በዚያው ዓይነት ድንጋይ ስትፈጭ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ደግሞ «የፊውዳሎች የጦር ነጋሪት» ተብሏል።

ከበሮውን የሰጡት አባ ወልደ ጻድቅ በሩ ላይ ቆመዋል። የደሴቲቱ ሰው ከጥንት ጀምሮ፣ በየብስ ጦርነት በተነሣ ቁጥር የአድባራትን ንዋየ ቅድሳት አደራ ይቀበላል፤ ሰላም ሲሆን ለባለቤቱ ይመልሳል። አባም ሙዚየም ማለት ይኸው መሰላቸው።

«ልጄ፣ ነገ ጽዮን ናት። አደራዬን መልስልኝ።»
«አባ፣ ከበሮው የሰፊው ሕዝብ ሆኗል። ከሙዚየም አይወጣም።»
«ሌላ የለንም እኮ! ያለ ከበሮ ምኑን በዓል ሆነ?»
«መጥተው መጎብኘት ይችላሉ። ለሁሉም ክፍት ነው።»
«ለሁሉም?»
«ለሁሉም!» አለ ጓድ ተስፋዬ፣ ደረቱን ነፍቶ።

በዓሉ፣ ጠዋት
ቅዳሴው እንዳበቃ ደሴቲቱ ሙሉ ለጉብኝት መጣች። ካህናቱ ጽናጽል፣ ሴቶቹ ሕፃን እንደያዙ ገቡ። አባ ወረቀቱን ቀስ ብለው ገንጥለው ከበሮውን አነገቱ።
«መንካት ክልክል ነው!» ጮኸ ጓዱ።
እልልታው ዋጠው። ከጣሪያው የጤፍ አቧራ እስኪረግፍ ተወረበ፣ ተጨበጨበ፤ እኔም አልቀረሁም። ሲያበቃ አባ ከበሮውን ቦታው መለሱና ወረቀቱን አስተካክለው ለጠፉበት። «ይኸው፣ ከበሩ አልወጣም።»

የሐይቁ ዳር
ጓድ ተስፋዬ ላቡን እየጠረገ እስከ ታንኳው ተከተለኝ።
«ጓድ መምህርት፣ የበላይ አካል ቢሰማ ያልቅልኛል። ናዝሬት ሲጠይቁዎት ምን ሊሉ ነው?»
«ሙዚየሙ በጎብኚ ተጨናንቆ ነበር እላለሁ።»
ትከሻው ወረደ።
«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አለ። ወዲያው ደነገጠና፣ ማን እንደሰማው ለማየት ዞር ዞር አለ።