ለእትዬ ወርቅነሽ ስነሣ

ጌታ ይባረክ! ማይኩን ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ያመጣችሁልኝ ተባረኩ፣ ብዙ መቆም ገና ያደክመኛል። ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብሄድ እህል አይወርድልኝም። የሆድ ቀዶ ጥገና ወሬ እዚህ መድረክ ላይ ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ታገሡኝ።

መንታ ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ ሆዴ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጡንቻው መሃል ለመሃል ተለያየ፣ ቆዳው ተንጠለጠለ፣ ከሥሩ በላብ እየቆሰለ ያቃጥለኝ ነበር። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው፤ ሰው ደግፌ ሳነሣ ወገቤ ይቆረጣል። ከሕመሙ ይልቅ ግን የሰው አፍ! "ደገምሽ እንዴ?" "ስንት ወርሽ ነው?" መንታዎቹ እኮ ትምህርት ቤት ገብተዋል!

እትዬ ወርቅነሽን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ባቡሩ አዘግይቷቸው ነው መሰለኝ ገና አልመጡም። ያን ጊዜ ገና ብዙም አንተዋወቅም ነበር። ኬንሲንግተን ሰፈር አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘንና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው "በሰላም ይገላግልሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። ምን ልበል? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ጡንቻውን የሚሰፋና የተንጠለጠለውን ቆዳ የሚቆርጥ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ።

ልጅ ሆኜ ጸሎት አውቅ ነበር፣ ወገኖች። እዚህ ሰው አገር ከመጣሁ ወዲህ ግን እሑድ ለኔ የሥራ ሺፍት ቀን ነበር። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ እንኳ "ጌታ ሆይ" አላልኩም።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ሆዴ ላይ ጥብቅ ልብስ አሰሩልኝ፣ በጎን በኩል የቁስሉን ውኃ የሚያወጡ ቱቦዎች ተንጠለጠሉ። ነርሷ "ለጊዜው ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው፤ በድንገት ቀጥ እንዳትዪ፣ ስፌቱ አይችልም" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ዋይንድሃም ቬል ወዳለው ቤቴ ተመልሼ ሶፋ ላይ ከጉልበቴ ሥር ትራስ አድርጌ ተጋደምኩ። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ መንገድ ላይ ነበር። ለሰው ሁሉ "ትንሽ ኦፕራሲዮን ነው" ብለናል፤ የምን እንደሆነ ግን አልተናገርንም።

በሩ ተንኳኳ፣ ከመንታዎቹ ሴቷ ልጄ ከፈተች። እትዬ ወርቅነሽ! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ባቡር ቀያይረው መጥተዋል። እኔስ ምን አደረግሁ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ ማየት ከየት ይመጣል! "ኖር፣ እትዬ!" ብዬ ብድግ አልኩ። ቀጥ ብዬ።

ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ትኩስ ነገር በጭኔ ሲወርድ ይሰማኛል። እትዬ ገና አላዩም፤ ፈገግ ብለው "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ሕፃኑስ የታለ?" አሉኝ።

ሕፃኑስ የታለ! ወይ ጉዴ!

በአምቡላንስ ሆስፒታል መልሰው ወሰዱኝ። ስፌቱ አፉን ከፍቷል፣ ቀጥሎም ኢንፌክሽን ገባበት። የቆዳው ጠርዝ ጠቆረ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና "ይህ ሥጋ ሞቷል፣ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ኢንፌክሽኑ ወደ ደምሽ እንዳይገባ እየሞከርን ነው" አለኝ። እየሞከርን ነው! ሐኪም እንዲህ ሲል ደግ አይደለም።

ቆርጠው ወደ ቤት ሰደዱኝ፣ ነርስ እየመጣች ቁስሉን ትጠርግ ነበር። ሽታውን እኔ ራሴ አልችለውም። መንታዎቹን ማቀፍ አልቻልኩም። ልጄ በር ላይ ቆማ "ማሚ፣ አር ዩ ዳይንግ?" አለችኝ። ትሞቻለሽ ወይ ማለቷ ነው። "አልሞትም" በማለት ፈንታ ብርድ ልብሱን ቁስሌ ላይ ሳብኩ። ከንፈሯን ነክሳ ሄደች። ወገኖች፣ ያቺ ልጅ ስትሄድ ጀርባዋን ማየቴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

መጸለይም አልቻልኩም። የታመመ ሰው ይጸልያል፤ እኔ ግን የሰው አፍ ሸሽቼ ሆዴን ሄጄ ያስቆረጥኩ ነኝ፣ በየትኛው ፊቴ ልለምን? እትዬ ወርቅነሽንም ጠላኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠላኋቸው። ሲደውሉ ስልኩን አላነሣም። ጣራውን እያየሁ እንደ ዕቃ ተኝቻለሁ፤ ለልጆቼ ምን ዓይነት የእንጀራ እናት ትመጣባቸው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

እሳቸው ግን ሳልጠራቸው መጡ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ታውቃላችሁ፤ ሶፋውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ደንግጬ ልነሣ ስል "እንዳትነሺ!" ብለው ጮኹ። "ሐኪሙ በቢላ ሳይቆርጥሽ በፊት እኔ በምላሴ ቆርጬሻለሁ። ባልሽ ነገረኝ። ማሪኝ፣ ልጄ።"

"እትዬ፣ እኔ ራሴ ነኝ የሄድኩት" አልኩ። "እግዚአብሔር በዚህ ቁስል ምን አገባው?"

"ቁስል ሲያይ ከየት አመጣሽው ብሎ ይጠይቃል እንዴ? አባት አይደል? በይ ጥሪው። ቀጥ አድርጎ እስኪያቆምሽ ድረስ ለኔ አትነሺ።"

ጠራሁት። "ኢየሱስ" ብቻ ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሁለታችንም አለቀስን። ሃሌሉያ! ያን ቀን ሕይወቴን ሰጠሁት።

በማግስቱ ተነሥቼ አልዘለልኩም። ሳምንታት ፈጀ፤ ሽታው ቆየ፣ ተስፋ የቆረጥኩባቸው ቀኖች ተመላለሱ። እትዬ ግን እየተመላለሱ አጠገቤ ይጸልዩ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈታችና "ሮዝ፣ አዲስ ሥጋ ነው፣ እያደገ ነው" አለች። ሐኪሙም አይቶ "በዚህ ፍጥነት ይሞላል ብዬ አልጠበቅኩም" አለኝ። ክብር ለስሙ ይሁን! ሐኪሙንም ነርሷንም ጌታ ይባርክልኝ። ጠባሳው አስቀያሚ ነው፣ እምብርቴም ጠማማ ሆኗል። ግን ልጆቼን አቅፋለሁ።

"ራሴ ያመጣሁት ነው" ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ ያዞራችሁ ካላችሁ፣ ጌታን ጥሩት። እኔን ያልጠየቀኝ እናንተን አይጠይቅም። ሐኪማችሁንም ስሙ፣ እሱንም ጥሩ።

ይኸው፣ በሩ ተከፈተ! ቆይ፣ ማይኩን ያዙልኝ። አይ፣ አትደግፉኝ፣ ተዉኝ ብቻዬን።

ኖር፣ እትዬ ወርቅነሽ! ይዩኝ፣ ቀጥ ብያለሁ።