በአያቴ ዓይን የተቀረጸው ፊልም

ባለፈው ክረምት እናቴ ከትውልድ አገሬ ከዘመሮ የላከችልኝን ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ከማዳበሪያ ከረጢቱ ሳወጣው ሽታው ቤቴን ሞላው። ወዲያው የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ትዝ አለኝ። ፊልም ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ መጋረጃ ደግሞ አልነበረም። እናም ሁላችንም ከየቤታችን ባና አምጥተን መስኮቶቹ ላይ ሰቀልን። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ጨለማው ራሱ ጠጉር ጠጉር ይሸት ነበር።

ፊልሙን የሠሩት የአማርኛ መምህራችን መምህር ታደለ ናቸው። እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ቀለም የተበከለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። የፊልም ድርሰት የሚጽፉት በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። ካሜራውን የተዋሱት ሠርግ ከሚቀርጽ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ አያቴ መርሳት ጀምረው ነበር። እኔን ሲያዩ በወጣትነቷ የሞተችው ታላቅ እኅታቸው ዘነቡ እመስላቸዋለሁ። "ዘነቡ፣ መጣሽ?" ሲሉኝ አባቴ ቀበል አድርጎ "አባዬ፣ ዘነቡ እኮ ድሮ ሞታለች። ይቺ ልጄ ናት" ይላቸዋል። ሊያስታውሳቸው ብሎ ነው። እሳቸው ግን መርዶውን ገና መስማታቸው ነው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ያለቅሳሉ። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እንደ አዲስ ያዝኑ ነበር። መምህር ታደለ ይህን ሁሉ ከክፍላቸው ሆነው ይሰሙ ኖሯል።

ፊልሙ ስለሚረሱ ሽማግሌ መሆኑን የሰማ ዕለት አባቴ በራቸው ላይ ሄዶ ቆመ።

"መምህር፣ የአባቴን ነገር የሰው መሳቂያ ልታደርገው ነው?"

"ጋሼ፣ መጥተው ይዩት። ካልወደዱት እዚያው አጠፋዋለሁ" አሉት።

መጣ። ፊልሙ በሚታይበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ከጎኔ ተቀመጠ።

ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው አይታዩም፤ ካሜራው ራሱ ዓይናቸው ነበር። ምራታቸው ዳቦ ይዛ ትገባለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲገልጡ በዚያው ቀሚስ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሌላ ሴት ቆማለች።

"ኧረ ሰዎቹ ተምታቱብኝ" አሉ ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት።

"እሳቸውም የተቸገሩት በዚህ ነው" አሉ መምህር ታደለ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ።

ቀጥሎ "ወንድምዎ እኮ ሞተዋል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጨለመ። ተመልሶ ሲበራ ያው ድምፅ ያንኑ ደገመ። በሦስተኛው ላይ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ሲያልቅ አጥፋው አላለም። የመምህር ታደለን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ።

ቤት ስንደርስ አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። "ዘነቡ፣ መጣሽ?" አሉኝ። አባቴን አየሁት።

"መልሺላቸው እንጂ" አለኝ።

"መጣሁ" አልኩ። ፊታቸው ፈካ።

መምህር ታደለ በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ፊልሙም የት እንደገባ አላውቅም። እኔ ግን አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ሁለት ዓመት ዘነቡ ሆኜ ኖርኩ። ለገዛ ልጆቻቸው ያልነገሩትን ልጅነታቸውን አጫወቱኝ፤ ጓሳ ሜዳ ላይ ጭጋግ ውጧቸው ስለመዋላቸው፣ ስለሚፈሩት የቄስ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሁሉም። አንድ ቀን ጠጋ ብለው "ገንቦውን የሰበርኩት እኔ መሆኔን ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አልነግርብህም" አልኳቸው። ታላቅ እኅት ታናሽ ወንድሟን አንቱ አትልምና።