ከመርዶው በፊት የተፈረመ

ያኔ ቶሮንቶ ውስጥ ቀን ቀን ኖርዝ ዮርክ መጋዘን ካርቶን እያነሳሁ፣ ለአንድ የሐበሻ ጋዜጣ ስለ ሙታን መንፈስ እጽፍ ነበር። ምሁራን የሳቁበትን፣ ተራው አንባቢ ግን መጻሕፍቱን የተሻማበትን የአንድ የድሮ መንፈስ ተመራማሪ ሕይወት በየወሩ በተከታታይ አወጣለሁ። ሰው ወደደልኝ። ልቤ አበጠና እኔም እንደሱ መመርመር አማረኝ። ዘዴው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ሩቅ ያለ ዘመዱ ድንገት ከታየው፣ ወሬው ሳይደርሰው ያየውን ጽፎ ማስፈረም፣ ከዚያ ቀኑን ዘመዱ ከሞተበት ቀን ጋር ማመሳከር። ለዓመታት ፈልጌ አንድም አላገኘሁም። የኛ ሰው የሚነግረኝ ሁልጊዜ መርዶውን ከሰማ በኋላ ነው።

አንድ ሐሙስ ሴት ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው አንዲት እናት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ደወሉልኝ።

"ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ያለው ልጄ እዚህ ሳሎን ቆሞ አየሁት" አሉ። "አላናገረኝም። ስልኩም አይነሳም። አንተ ይሄን ነገር ታውቃለህ አሉ። ደህና ነው ወይ?"

አጣርቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸውና ለማውቃት ሴት ልጃቸው ሥራ ቦታዋ ደወልኩላት። ነገሩን ሳልጨርስ አለቀሰች። ወንድሟ የሞተው ማክሰኞ ነበር።

"ፕሊስ እንዳትነግራት! ፕሬሸር አለባት። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹን ኮል አድርጌያለሁ፣ ጠዋት መጥተው ያረዷታል።"

አልነግርም ብዬ ማልኩ። የሚያሳፍረኝ ግን ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቀኑ ገጠመ! ፊርማ ግን የለኝም፤ ቅዳሜ ከነጋ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ዓርብ በአውቶቡስ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝና እጄን ይዘው አልለቅም አሉ።

"ደህና ነው በለኝ!"

ምን ልበል? ደህና ነው ብል ውሸት፣ ዝም ብል መርዶ። ሲጨንቀኝ ወረቀቱን አወጣሁ።

"እማማ፣ ያዩትን ጽፌዋለሁ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ዛሬ ቢሆን ጥሩ ነው።"

"ለምን ዛሬ?"

እባክዎ አይጠይቁኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ልደብቅ ስል ከእጄ ወሰዱት። ስማቸውን ጽፈው መለሱልኝ።

"ያረፈበትን ቀን አንተ ሙላው ልጄ" አሉ። "የምታውቀው አንተ ነህ።"