እጥፋት ያለበት የመጽሐፍ መደርደሪያ

«ሥዕል ይሳላል እንጂ አይወራም!» የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊው የልጅቷን ወረቀት የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «ፖሙ የታለ?»

ፖም! የከሚሴ ገበያ ማንጎና ፓፓያ ሞልቶት እያለ፣ እሱ በየዓመቱ ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያንኑ ፖም በካሬ እያሰመረ ያስገለብጣል። ካሬ ቆጥሮ ያልተሳሳተ አርቲስት ይባላል። ፖም ቀምሶ የሚያውቅ ግን ከክፍሉ አንድ የለም።

እኔ መምህር ስለጠፋ በጊዜያዊነት የገባሁ፣ ግጥም ከመሞነጫጨር ሌላ ሙያ የሌለኝ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን «ከከተማው አንድ ሥዕል መርጣችሁ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ ጻፉ» አልኳቸው። አብዛኞቹ የባጃጅ ተለጣፊ መርጠው መጡ። ይህች ልጅ ግን የፎቶ ቤቱን መጋረጃ መረጠች። የመጽሐፍ መደርደሪያ የተሳለበት ነው፤ የተመረቀ ሁሉ ከሰንበቴ ከተማ ድረስ እየመጣ ጋውን ለብሶ ፊቱ ይቆማል። «ማንም የማይገልጠው መጽሐፍ ለሁሉም ይመሰክራል» ብላ ጽፋለች። እኔ እንዲህ ያለ ስንኝ ወጥቶኝ አያውቅም።

ኃላፊው ዜሮ ሰጣት። በዜሮው ክፍል እንደምትደግም ሦስታችንም እናውቃለን።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነገ ፖሙን ካመጣሽ እሰርዘዋለሁ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ገጣሚው፣ ንገራት እንጂ!»

«ያያችሁትን ሳትፈሩ ተናገሩ» እያልኩ ስጮህ የከረምኩት ጀግና አፌን ከፈትኩ። ውሌ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነበር።

«ሳይውና ተገላገይ፣ እህቴ» አልኳት። «ፖም ምን አላት?»

ልጅቷ አየችኝ። ቀጥላ ከኃላፊው ራስ በላይ ወደተሰቀለው፣ በዚያው መጋረጃ ፊት ወደተነሳው የምርቃት ፎቶው ቀና አለች።

«ቲቸር፣ 'ምን ታያላችሁ' ትለን አልነበር?» አለችኝ። «ወላሂ አያለሁ። መጽሐፎቹን መሃል ለመሃል እጥፋት ሰንጥቋቸዋል። መጋረጃው ታጥፎ የተቀመጠ ነው።»

ሰውዬው ዞረ። ለዓመታት ሰቅሎት ፎቶውን ያየው ገና ያን ዕለት ይመስለኛል። አቧራ መስሎት ነው መሰል፣ እጥፋቱን በመስታወቱ ላይ በአውራ ጣቱ ፈተገው። አልለቀቀም።

«ውጪልኝ!»

«ኢንሻአላህ ደግሜ እማራለሁ» አለችና ወረቀቷን አንስታ፣ እኔን ገልመጥ ሳታደርግ ወጣች። መሬት እየፋቀ አልዘጋም የሚለውን የቢሮውን በር ከውጭ በሁለት እጇ ሳበችው። ተዘጋ።