ተናኜና የሟች ባሏ ማሽን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንጨት ከሚነካ ወንድ ሁሉ ተናኜ የማትንቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ባሏ ሃይለ ሚካኤል ከተቀበረ ሁለት ዓመት ሆነው። የቀሩትን አናጺዎች የምታውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በመሮአቸው ነው። ጫፉ የተሸረፈ መሮ እንድትስለው ሲመጣላት "ይሄ ቆርቆሮ የሚፈለቅቅበት ነው" ትላለች። አፉ ወደ አንድ ጎን የዘመመ መላጊያ ስታይ ደግሞ "ይሄኛው ሲስል ወሬ ያወራል" ትላለች። እውነትም ባለቤቱ ወሬኛ ሆኖ ይገኛል።

ዕቃውን ራሳቸው ይዘው አይመጡም። ሴት ሳለችልኝ ማለት ያሳፍራቸዋልና በፌስታል ጠቅልለው ለባጃጅ ሹፌር ይሰጡታል። እሷም እየፈታች "ቋጠሮ እንኳ አይችሉ!" ትላለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሽርፉን በሸካራው ድንጋይ ታወጣለች፤ ቀጥላ ሃይለ ሚካኤል ከላህ ወንዝ መርጦ ባመጣው ለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፤ መጨረሻ ላይ በአሮጌ ቀበቶ ትጠርገዋለች። የክንዷን ፀጉር ካልላጨ ከቤቷ አይወጣም። ያ ሁሉ ልፋት ግን ለማን ነው? በሳምንቱ ያው መሮ ሚስማር ሲነቀልበት ሰንብቶ ተመልሶ ይመጣል።

የምትስለው በበዓል ቀን ነው። ሚካኤል ወይም ማርያም በዋለ ቀን ሞተር ያስጮኸ ሰው በሰፈሩ ዓመት ሙሉ ሲታማ ይኖራል። ድንጋይ ላይ የሚሄድ ብረት ግን አጥር አልፎ አይሰማም። "ይሄስ ሥራ አይደለም ወይ?" ያላት ሰው እንደሆነ "ማሰናዳት ነው እንጂ ምኑ ሥራ ነው" ብላ ታሰናብተዋለች። ይህን ያስተማራት ባሏ ነው፤ በዓል ሳይሽር እጅ የማያስፈታ ዘዴ በማግኘት እሱን የሚያህል አልነበረም።

በጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ መሐል የባሏ የእንጨት ማሽን ቆሟል። ይሰነጥቃል፣ ይልጋል፣ ይበሳል። ተናኜ ከሥራ በኋላ ሰጋቱራውን በብሩሽ ታወጣለታለች፣ ከሞተሩ የሚያያይዘውን ቺንጋ ታላላለታለች፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ግራሶ ታጠጣዋለች። የሰው በርና መስኮት የሚሆን ጣውላ የምትልግበት፣ የምትበላበትም እሱ ነው። እሱ ከሄደ ለመሮ መሳያ በሚጣልላት ሳንቲም ቤት አይቆምም። ልጅ የላትም። ሰከላ ሄዳ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ካለው ወንድሟ ቤት ገብታ፣ የወንድሟን ሚስት እያየች ማደር ነው የሚጠብቃት።

ማሽኑን የሚፈልገው የባሏ ታናሽ ወንድም ስመኘው ነው። ቡሬ ላይ "ዘመናዊ የእንጨት ሥራ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ከሥራው ሁሉ የተዋጣለት ሰሌዳው ነው። ሞላ በሚሉት በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ብረት ሲስል ውኃ እንኳ አያስነካውም፤ ስለቱ ተቃጥሎ ሰማያዊ እስኪሆን ይገፋል። ከዚያ "የዘንድሮ ብረት ረከሰ" ብሎ ይማረራል። የራሱን ማሽን በሦስት ዓመት አፈር አድርጎታል። አሁን ደግሞ "ማሽኑን ስንገዛ ከወንድሜ ጋር ሁለት ነበርን፤ ሴት ይዛው ዝጎ ይቀራል" ብሎ ሽማግሌ ላከ። ዝጎ ይቀራል! ተናኜ ይህን ስትሰማ በሳቅ ብዛት ዓይኗን ጠረገች።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ነገሩን የያዙት አያ ገነነ ናቸው። ሽምግልና ልማዱ በበዓል ቀን ቢሆንም ሞተር የሚነሣበት ነገር ነውና በዓል ለሌለበት ማክሰኞ ቀጠሩት። ሁሉም ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው መብራት እስኪመጣ እስከ አራት ሰዓት ጠበቁ። ስመኘው ብርድ እንዳይመታው ይሁን ምን እንጃ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ሻርፕ ጠምጥሞ መጥቷል። በማሽን ቤት ሻርፕ! ተናኜ አየችውና ፊቷን አዞረች።

"እንግዲህ ልጆቼ፣" አሉ አያ ገነነ፣ "ማሽን ለሚያውቅበት ነው። ሁለታችሁም አንድ አንድ እንጨት አሳልፉና እንይ። ከዚያ የምንላችሁን ትሰማላችሁ።"

ተናኜ ቀድማ የግራር ጣውላ አሳለፈች። ጣውላው ወጥቶ ሲታይ ሽማግሌዎቹ በመዳፋቸው እየዳበሱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስመኘው "እሱማ የማሽኑ ቢላ ስለተሳለ ነው" አለ።

"ማን ሳለው?" አለች ተናኜ። አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን ለመደበቅ አሳሉ።

ስመኘው ተራው ደርሶ ከጋሪ ያስወረደውን እንጨት ይዞ ገባ። ወፍራም ዋንዛ ነው። "የአባታችን ቤት ምሰሶ ነው፤ ስናፈርሰው ለሁለት ሰነጠቅሁት። በአባቴ እንጨት ነው የምሠራው!" አለ፣ ሽማግሌዎቹን በጎን እያየ። የተሰነጠቀው ፊት ንጹሕ ነው። ጀርባው ግን የግድግዳው ጭቃ ከነጭዱ ደርቆ እንደተለጠፈበት ነው፤ ስመኘው በቢላዋ ጫር ጫር አድርጎ ትቶታል። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ምን እንደሚደብቅ የማያውቅ አናጺ አለ? ሃይለ ሚካኤል እንዲህ ያለውን ሳያጥብና ማግኔት ሳያስኬድበት ወደ ማሽን አያስጠጋውም ነበር።

ተናኜ ምሰሶውን አወቀችው። ሙሽራ ሆና የገባችው እዚያ ቤት ነው። ሃይለ ሚካኤል መጋዙን የሚሰቅልበት ወፍራም ሚስማር በደረቷ ትይዩ መትቶበት ነበር፤ በኋላ ሚስማሩ ተሰብሮ ጉማጁ ውስጥ ሲቀር አማቷ በጭቃ መረጉበት። ዓይኗ ቦታውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ጭቃው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት የዝገት ነጠብጣብ ወጥታለች። ስመኘው ደግሞ ያንኑ ጀርባውን ወደ ቢላው አዙሮ እያስተካከለ ነው።

በልቧ አሰላችው። ቢላው ይሸረፋል። ሽርፍ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለሷ ምኗም አይደል። እሱ ግን በሽማግሌ ፊት ይዋረዳል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ደስ አላት። ከልቧ ደስ አላት።

አያ ገነነ ዞር ብለው "ተናኜ፣ ከመጀመሩ በፊት የምትይው አለሽ?" አሏት።

"ምን እላለሁ አያ። አዋቂው እሱ ነው።"

ስመኘው ሞተሩን አስነሣና እንጨቱን ገፋው። መጀመሪያ የጭቃው አቧራ ቦነነ፤ ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሚስማሩ ሲደርስ ተናኜ የጠበቀችው የሽርፍ ድምፅ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። ቢላው ለሁለት ተሰበረ። አንዱ ስባሪ ከአያ ገነነ ራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የዳሱን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ፤ ሌላው በዘንጉና በጠረጴዛው መሐል ተወተፈ። ሞተሩ ጮኸ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ተናኜ ዘልላ ሞተሩን አጠፋችው።

ሰው አልተነካም። ስመኘው አሥሩንም ጣቶቹን ደጋግሞ ቆጠረ። ሽማግሌዎቹ ስመ ሥላሴ እየጠሩ አማተቡ። ተናኜ ተንበርክካ እጇን በማሽኑ ሆድ ሰደደች። ኩሽኔታውን የያዘው ወፍራም ብረት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ጣቷ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ ብየዳ አይይዘውም። መለወጫውም አይገኝም፤ ይህንን ሃይለ ሚካኤል በሕይወቱ ሳለ ጠይቆ ጨርሶታል።

"ይሠራል ወይ?" አሉ አያ ገነነ።

"አይሠራም፣ አያ። አልቆለታል።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ደጅ ወጥተው ተመካከሩ፤ ብዙም አልቆዩ። አያ ገነነ ተመልሰው "ስመኘው፣ አታውቅበትም፤ በዓይናችን አየን። ማሽኑ የተናኜ ነው። ከእንግዲህ ይህችን ቤት በነገር እንዳትረግጣት" አሉ።

ተናኜ ከማሽኑ ጎን አልተነሣችም። ለስመኘው ያዘጋጀችው ስድብ ብዙ ነበር፤ ሁለት ዓመት ስታበጀው የኖረችው ነው። እሱ ግን ሻርፑን ፈትቶ በእጁ እያጨማደደ መጣና ከፊቷ ጎንበስ አለ።

"እታለም፣ ይቅር በይኝ፤ ባላውቅ ነው" አላት። "አየሽ፣ እንጨቱን ሳልፈትሽ የቸኮልሁት አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ ስለነበር ነው። ክፉ ነገር ቢኖረው ተናኜ ዝም አትለኝም ብዬ።"

ቀና ብላ አየችው። ምንም ነገር አልደበቀም፤ ከልቡ ነው። ይህን ያህል ሞኝ ሰው እሷን አምኖ ጣቶቹን ከቢላ ፊት አቀረበ። ያ ሁሉ ስድብ አፏ ላይ ነበር፤ የሚገባው ግን ለራሷ እንደሆነ አሁን ታያት። "አውቅ ነበር" ልትል ከንፈሯን አላቀቀች።

አያ ገነነ ግን ለምርቃት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሌሎቹም ቆመዋል። "እውነት ይዛ የተገኘችውን የልጃችንን እጅ ይባርክልን" አሉ። "ወንድም ወንድሙን፣ እህት ወንድሟን የማታጠፋበት ዘመን ያድርግልን።"

"አሜን" አሉ ሽማግሌዎቹ። "አሜን" አለ ስመኘው። ሁሉም ወደ እሷ ተመለከቱ።

"አሜን" አለች ተናኜ።