አባቴ ለፕሮግራም የጻፈው ውክልና

አባቴ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻና ውክልና ሲጽፍ ኖሯል። የሚኮራበት አንድ ነገር አለ፤ እሱ የጻፈው ወረቀት "ይህ ይጎድለዋል" ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ሰውዬው የመጣው ለመኪና ቦሎ ማሳደሻ ቢሆንም፣ አባቴ ወኪሉ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ አድርጎ ይጽፍለታል። ሌላ ቀን መጥቶ ከሚሰለፍ ለሁሉም ይኑረው ነው ነገሩ። ጸሎቱም እንደዚያው ነው። መካኒሳ አቦ ባለችው ቤታችን ማዕድ ላይ ሲጸልይ፣ ከጎረቤት ጀምሮ ሆሳዕና ያሉትን ዘመዶች አዳርሶ እስኪመለስ ወጡ ይቀዘቅዛል። በልጅነቴ የሞቀ ወጥ የሚበላው ሰው ቤት ሲኬድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከእሱ የወረስኩት ጽሕፈትን ነው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ትንሽ ድርጅት ለሙከራ ጊዜ ቀጠረኝ። ድርጅቱ ነጋዴዎች ደረሰኝ የሚቆርጡበትን ሶፍትዌር ይሠራል። አሁን ደግሞ ደረሰኙን በነጋዴው ፋንታ የኤአይ ወኪል እንዲቆርጥ ተፈለገ። ወኪል ስል ሰው አይደለም፣ የታዘዘውን በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የእኔ ሥራ መመሪያውን በአማርኛ መጻፍ ነበር። ነጋዴው የይለፍ ቃሉን ለወኪሉ አይሰጥም፤ ምን ምን እንደፈቀደለት ይጽፋል፣ ሶፍትዌሩም ያንን አንብቦ ለወኪሉ የራሱን መታወቂያ ይሰጠዋል። ወኪሉ በገባ ቁጥር መታወቂያውን ያሳያል፤ ያልተጻፈለትን አይነካም። መመሪያው ውስጥ ነጋዴዎች የሚገለብጡት አንድ ናሙና ፈቃድ መግባት ነበረበት። ዓርብ አለቃዬ ናሙናውን ይሞክረዋል። ከሠራ በቋሚነት እቀጠራለሁ፣ ካልሠራ ወደ ቤቴ። በዚህ ዕድሜዬ ለሦስተኛ ጊዜ "ሥራ እየፈለግኩ ነው" ማለት አስጠልቶኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ናሙናዬን ለአባቴ አሳየሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፈቃድ ነው አባዬ። ውክልና በለው።"

"ውክልና እንዲህ ባዶውን ነው?" መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ነገ ሰውዬው ሌላ ነገር ቢያስፈልገውስ? ተመልሶ ሊሰለፍ ነው?"

ሰልፍ የለውም፣ ኮምፒውተር ነው ልለው ስል እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር አማርኛው አስቀናኝ። "በስሜ ሆኖ ደረሰኝ እንዲቆርጥ፣ እንዲሰርዝ፣ እንዲያርም፣ እንዲያሳርም፣ የፈለገውን እንዲወክል፣ ያልፈለገውን እንዲሽር፣ ያልተጠቀሰ ቢኖር እንደተጠቀሰ ተቆጥሮ..." ይልና ይቀጥላል። የእኔ ሦስት መስመር አጠገቡ ሲታይ የቤት ሥራ መሰለ። ሰረዝኩትና የእሱን አስገባሁ።

ዓርብ ጠዋት አለቃዬ ሶፍትዌሩ ላይ ለሙከራ የውሸት ሱቅ ከፈተ፤ ባለሱቁም ራሱ ሆነ። ናሙናውን ለጠፈና ወኪሉን ሦስት ደረሰኝ እንዲቆርጥ አዘዘው። ቆረጠ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወኪሉ፣ የተፈቀደለት ነውና፣ ሥራውን የሚያጣራለት ሌላ ወኪል ወከለ። ያኛውም ሌላ ወከለ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አሥራ አንድ ሆነዋል። አራተኛው ሦስቱን ደረሰኞች ሰርዟቸዋል፣ ሰባተኛው መልሶ ቆርጧቸዋል። አለቃዬ ሊያስቆማቸው ሲሞክር ስክሪኑ "ፈቃድ የለዎትም" አለው። ዘጠነኛው ባለሱቁን ሽሮታል።

"ማነው ይሄን የጻፈው?" አለኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ ግራ ገብቶታል።

"አባቴ።"

ስክሪኑን አጠፋው። "ስሚ፣ እስከ ሰኞ ጊዜ አለሽ" አለ በመጨረሻ። "ሰኞም እንዲህ ከሆነ እንለያያለን።"

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ልዋሸው አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም።

"አባዬ፣ ወረቀቱ ተመለሰ።"

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። በዛ።"

እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ወኪሎቹ ያደረጉትን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ፣ "ዘጠነኛው ግን ደፋር ነው" አለ።

እሁድ ከቸርች መልስ ሁለታችን ወረቀቱን ይዘን ተቀመጥን። እያንዳንዱን ቃል ሲሰርዝ ፊቱ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ይጨማደዳል። "እንዲሽር" የሚለውን ከማውጣቱ በፊት ሻይ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ቀረ። ደረሰኝ ለመቁረጥ ብቻ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ሌላ ወኪል መወከል አይችልም።

"ብቻ የሚል ቃል ውክልና ላይ ጽፌ አላውቅም" አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ምሳ ቀረበ። ዓይናችንን ጨፈንን፤ እኔም እንደ ልማዴ ለረጅሙ መንገድ ተመቻቸሁ።

"ጌታ ሆይ፣ ስለ ልጄ ሥራ ብቻ። አሜን።"

ዓይኔን ስገልጥ ወጡ ገና ይተናል። እናቴ ደንግጣ "አመመህ እንዴ?" አለችው። እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ስለነበር ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሰኞ ወኪሉ ሦስት ደረሰኝ ቆረጠ። አለቃዬ አንዱን እንዲሰርዝ ሲያዘው "አልተፈቀደልኝም" ብሎ ቆመ። አለቃዬ ሁለተኛ አዘዘው፤ ንቅንቅ አላለም። በዚያው ተቀጠርኩ።

ዜናውን ስነግረው አባቴ ራሱን ነቀነቀና እራት እስኪቀርብ ጠበቀ። ከዚያ ጀመረ። ከአለቃዬ ተነስቶ ወላጆቹን ባረከ፣ ቧንቧ ሻጩን፣ የሀይሌ ጋርመንትን ታክሲ ሾፌሮች፣ ሆሳዕና ያሉትን አንድ በአንድ አዳረሰ። ጨረሰ ስንል ወደ አሥራ አንዱ ወኪሎች ተመለሰ፤ ለዘጠነኛው ልቦና እንዲሰጠው ለብቻው ለመነለት። ወጡ በረዶ ሆነ። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።