እስከ አፍ ገደፏ ያልሞላችው ሰሃን

ማዕድን መመርመሪያው ላቦራቶሪ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ከሥራው በፊት የሚማረው የአንዲት ነባር ባለሙያን ቁጣ ነው። «ሰሃኗን እስከ አፍ ገደፏ ሙላ! ላዩን በመስተዋት አስተካክል! ዱቄቱ ከጠርዙ ዝቅ ካለ ማሽኑ ይዋሽሃል!» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ስትጮህ ኖራ፣ ስሟ ተረስቶ «አፍ ገደፍ» ሆና ቀርታለች። ከኋላዋ እንጂ ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚጠራት የለም። ታውቃለች፤ ደስም ሳይላት አይቀርም።

ሥራዋ ይህ ነው። የተፈጨ ድንጋይ ወይም አፈር በትንሽ ሰሃን አድርጋ ማሽኑ ውስጥ ታስገባለች። ማሽኑ ጨረር ይለቅበታል፤ ነጥሮ የተመለሰው ጨረር ኮምፒውተሩ ላይ ጉብታ ጉብታ ያለው መስመር ይሠራል። እያንዳንዱ ማዕድን ጉብታዎቹ የሚቆሙበት የራሱ ቦታ አለው። ኮምፒውተሩም ይህን ካከማቸው መዝገብ ጋር ያመሳክርና፣ ይመሳሰላል ያለውን ሁሉ በስም በስሙ ይደረድርላታል።

ማክሰኞ የመጣው ዱቄት ግን የደንበኛ አልነበረም፤ የወንድሟ ነው። እናት አባታቸው ሲሞቱ አሳድጎ፣ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት ታላቅ ወንድሟ። ስኒና ሰሃን የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚውለው። ባለፈው ወር አሮጌውን ምድጃ አፍርሱ ተባሉና፣ አፉን እንኳ ሳይሸፍን የውጭ ልባሱን ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። ፍርስራሹን ሊጭን የመጣ ሹፌር ታዲያ፣ «ኧረ ይሄ አስቤስቶስ ነው! ሳንባ ይበላል!» ብሎት ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሟ ሰው አልሆነም። ሴት ልጁ የወለደቻትን ጨቅላ አላቅፍም አለ። ልብሴ ላይ ይኖራል፣ ትንፋሼ ላይ ይኖራል እያለ በር ላይ ቆሞ አይቷት ይመለሳል።

በወረቀት ጠቅልሎ ቁንጥር የማትሞላ ዱቄት አመጣላት።

«ጋሼ፣ ይህቺው ናት?»

«ሌላውን ጭነው ወሰዱት። ከግድግዳው ስንጥቅ ነው የፋቅኳት። ብቻ እንዳታባብይኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

ለማንም ሳትናገር፣ በጥድፊያ ዱቄቷን ሰሃን ላይ አፈሰሰች፤ ማሽኑን ዘጋች። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ስሞቹ ሲደረደሩ ከሁሉ በላይ የተጻፈው አስቤስቶስ ነበር። «ወይኔ ጋሼን! ወይኔ!» አለች። ከሥር የተጻፈውን ማን ያንብብ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው አምርራ አለቀሰች።

አልቅሳ ሲወጣላት ሰሃኗን ልታጥብ አወጣቻት። እጇ ላይ የቀረ ልማድ ነውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገቻት። የጠርዙ ጥላ ዱቄቱ ላይ አርፏል። ዱቄቱ ዝቅ ብሏል። ቁንጥር ዱቄት ያንን ሰሃን የት አባቱ ሊሞላው!

«አንቺ ደንቆሮ!» አለች ራሷን ጮክ ብላ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ዱቄት ከሰሃኗ ጠርዝ ዝቅ ሲል ጉብታዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻሉ። ዝርዝሩን መለስ ብላ ብታይ ሁለተኛው ነጭ ሸክላ ነው። ነጭ ሸክላ ትንሽ ሲሸሽ ደግሞ ሄዶ የሚቆመው አስቤስቶስ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? ሰሃኗ መጉደሏን ማን ነገረው?

ከመሳቢያው ጥልቀት የሌላትን ሰሃን አወጣች። ጉብታው የት እንደሚቆም አንድ ሺህ ጊዜ ያየችውን የሲሊከን ዱቄት ቅንጣት ከወንድሟ ዱቄት ጋር ደባለቀች፤ እሱ ቦታው ላይ ከቆመ ሌላውም አይዋሽም። ሞላች፣ አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። ሲሊከኑ ቦታው ላይ ቆመ። ከላይ የተጻፈው ነጭ ሸክላ ሆነ። አላመነችም፤ የተረፈውን ይዛ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ባልደረባዋ ዘንድ ሮጠች። አስቤስቶስ ቢኖር ክር ክር ሆኖ ይታያል። እሱም እያገላበጠ አይቶ፣ «አንድም ክር የለበትም፤ ምን ሆነሻል?» አላት። ጉንጩን ሳመችው። ሰውየው እስካሁን ግራ እንደተጋባ ነው።

ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ ሸክላ ነው! ስኒ የምትሠሩበት ነጭ ሸክላ!»

«እያባበልሽኝ ነው?»

«ጋሼ ትሙት!» አለችው።

ጉድ እኮ ነው! ያ ሁሉ ጭንቀት በእሱ ሞት ለመማል ኖሯል? መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ከዚያ እሷም እየሳቀች አለቀሰች። «ቢሆንም ሁለተኛ አፍህን ሳትሸፍን እንዳትነካ፤ የሸክላም አቧራ ቢሆን ለሳንባ አይበጅም» ብላ ተቆጣችው። መቆጣት ከቻለችማ ድናለች ማለት ነው።

አመሻሹ ላይ እቤታቸው ሄደች። ወንድሟ ሸሚዙን ቀይሮ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሴት ልጁ ጨቅላዋን አምጥታ ክንዱ ላይ አስተኛችለት።

«ጋሼ፣ አንገቷን ደገፍ አድርጋት» አለች እህቱ።

«አንቺን ያሳደገሽ ማን ሆነና!» አላት፣ ዓይኑን ከሕፃኗ ሳይነቅል።